ቁልሉና ውሃው፦ ከመርካቶ ገንዳ እስከ ቆሼ ናዳ

ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት፣ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ረጲ ላይ የሚገኘው የከተማዋ ቆሻሻ መድፊያ፣ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው፣ አንድ ወገኑ ተንዶ በሥሩ የነበሩ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ከተቀበሩት ቤቶች አንዳንዶቹ በላስቲክና በቆርቆሮ የተሠሩ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ግን በብሎኬት የቆሙ ነበሩ። እሑድ ጠዋት የሟቾች ቁጥር በአሥሮች ይቆጠር ነበር። ረቡዕ መጋቢት 6 ቀን የከተማው አስተዳደር ይፋ ያደረገው አኃዝ 113 ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ የወጡ ዘገባዎች እስከ 116 ያደርሱታል። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

በዚያ ሰሞን የተጻፈውን ሁሉ አሰባስቦ የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ስለ ድህነት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ቤቶቹ ሕጋዊነት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ካሳና ስለ መልሶ ማስፈር ብዙ ተጽፏል። ቁልሉ ውስጥ ስለነበረው ውሃ የተጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በእኔ እምነት የቆሼ ታሪክ በመጀመሪያ የውሃ ታሪክ ነው። ውሃው ከየት ገባ? በየት መውጣት ነበረበት? መውጣት አለመውጣቱን የማየት ኃላፊነትስ የማን ነበር? ይህን ለመከተል ናዳው ከደረሰበት ስፍራ ሳይሆን ቆሻሻው ከሚነሳበት መጀመር ይሻላል፤ ከሚነሳባቸው ቦታዎች ደግሞ እንደ መርካቶ የሚሆን የለም።

መርካቶ ዛሬ ባለበት ቦታ የቆመው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የከተማዋ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥር ነበር። የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የወጡት ፕላኖች ከተማዋን በዘር የሚከፍሉ ነበሩ፤ የአገሬው ሰው መኖሪያና ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲገፋ፣ መሐሉ ለነጮች እንዲለቀቅ። በዚህ አሳብ አዲስ ከተማ የተባለው ሰፈር በቀጥታ መንገዶች ተሸንሽኖ ተሠራ። ወራሪው በአምስት ዓመት ሲባረር ገበያው ቀረ፤ ቀርቶም አደገ። ሸማ ተራ፣ በርበሬ በረንዳ፣ ጎጃም በረንዳ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለ በየሸቀጡና በየመጤው ስም ሰፈር ሆነ።

ገበያ ሲሰፋ ጠራጊውም ይሰፋል። የመርካቶ ጠራጊ ከመኖሪያ ሰፈር ጠራጊ ይለያል። ከቤት የሚወጣው አመድ፣ የምግብ ትራፊና የአትክልት ልጣጭ ነው። ከመርካቶ ግን ካርቶን፣ ፌስታል፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የጨርቅ ቁራጭ፣ የጫት ገረባ፣ የተሰበረ ሳጥን በአንድነት ይወጣል። ክረምት ሲገባ ከዚህ ከፊሉ በዝናብ እየተገፋ ወደ ጎርፍ መውረጃ ቱቦ ይገባና ያንቀዋል። ነጋዴው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሱቁ ደፍ ላይ የሲሚንቶ እርከን የሚያስደርገው፣ ዕቃውን ከወለል ከፍ አድርጎ በጣውላ ላይ የሚደረድረው በዚህ ምክንያት ነው። የተቀረው ወደ ገንዳ ይገባል፤ ገንዳው በመኪና ተነስቶ በአብነትና በጦር ኃይሎች በኩል ወደ ረጲ ይወርዳል። የከተማው ሹማምንት በናዳው ሰሞን እንደገለጹት ከአዲስ አበባ በዓመት የሚሰበሰበው ቆሻሻ 300,000 ቶን ገደማ ነበር፤ አብዛኛው የሚደፋውም እዚያው ነበር።

ከረጲ ወደ መርካቶ የሚመለስም አለ፤ ይህን የማያውቅ ቆሼን አያውቅም። በቁልሉ ላይ በቀን 500 ያህል ሰዎች ይሠሩ እንደነበር በዚያን ጊዜ ተዘግቧል። መኪናው ጭነቱን ሲደፋ ጫፉ የታጠፈ ብረት ይዘው ይሻማሉ። አንዱ ሃይላንድ ብቻ ይለቅማል፤ አንዱ መዳብና አሉሚኒየም፣ ሌላው ጫማ፣ ሌላው አጥንት። በጆንያ ሞልተው ለተቀባይ ያስረክባሉ። ብረቱና ቆርቆሮው ምናለሽ ተራ ይገባል። እዚያ ያረጀ በርሜል በመሮ ተሰንጥቆ፣ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ተዘርግቶ፣ ማግስቱን የከሰል ምድጃ ወይም የእንጀራ ምጣድ ክዳን ሆኖ ይሸጣል። ከለቃሚው እስከ ቀጥቃጩ ድረስ ባለው ሰንሰለት ውስጥ ሳይመዘንና ሳይቆጠር የሚያልፍ አንዲት ቁራጭ ብረት የለችም። ሳይቆጠር የሚቀረው ማንም የማይፈልገው ነው፤ እርጥቡ፣ የሚበሰብሰው፣ ፌስታሉ። ቁልሉን የሠራው እርሱ ነው።

ረጲ መድፊያ የሆነው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ያኔ ቦታው ከከተማ ውጭ ገጠር ነበር። በአቅራቢያው የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት የዘነበወርቅ ሆስፒታል ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው የማሠልጠኛና የምርምር ማዕከል በዚያው ተመሠረተ። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡ ሰዎች ከዳኑም በኋላ ወደ ቀያቸው መመለስ ስላልቻሉ በዙሪያው ጎጆ ቀለሱ፤ ከእነርሱና ከልጆቻቸው ብዙዎቹ ኑሯቸውን በቁልሉ ላይ መሠረቱ። ኋላ ከተማዋ መጥታ ከበበቻቸው። ቀለበት መንገድ በአጠገቡ ሲያልፍ ቆሼ ከዳር ወደ መሐል ገብቶ ነበር። 36 ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው ሜዳ ከ50 ዓመት በላይ ሲደፋበት ኖሮ ተራራ ሆነ።

ይህ ተራራ እንዴት እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል። ሲጀመር ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ አልተደረገለትም። ፍሳሹን ሰብስቦ የሚያወጣ ቱቦ አልተቀበረለትም። በየዕለቱ የሚደፋው በአፈር አልተሸፈነም። መኪና ይደፋል፣ ዶዘር ይገፋል፤ ሥራው ይኸው ነበር። ወደ እንዲህ ያለ ክምር ውሃ በሦስት መንገድ ይገባል። አንደኛው ዝናብ ነው፤ አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፣ አብዛኛውንም በክረምት። ሁለተኛው በዙሪያው ካለው ከፍታ የሚወርደው ጎርፍ ነው። ሦስተኛው ራሱ ቆሻሻው ይዞት የሚመጣው ነው፤ የአዲስ አበባ ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ስለሆነ ሲጫን ይጨመቃል፣ ሲጨመቅ ውሃ ይለቃል።

የገባው ውሃ ሁሉ ቢወርድ ኖሮ ከነመርዙ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ነበር የሚሄደው፤ ከፊሉም በእርግጥ ሄዷል፣ የወንዙ ተጠቃሚዎች ይመሰክራሉ። ነገር ግን ሁሉም አይወርድም። በንብርብሩ መሐል የተነጠፈው ፌስታልና ላስቲክ ውሃውን በየደረጃው ይይዘዋል። በብስባሹ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝም መውጫ ሲያጣ በተመሳሳይ ቦታ ይታመቃል። አንድ ተዳፋት የሚቆመው ቅንጣት ከቅንጣት ጋር ተሳስቦና ተጫጭኖ ነው፤ በመሐላቸው ያለው ውሃና ጋዝ ግፊቱ ሲጨምር ያን መጫጫን ያላላዋል። ከላይ ለሚያየው ደረቅና ጠንካራ የሚመስል ቁልል ከውስጥ ለመንሸራተት የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ናዳው የደረሰው መጋቢት ላይ፣ ዋናው ክረምት ካለፈ አምስት ወር በኋላ መሆኑ ብዙ ሰው አስገርሞ ነበር። ውሃ በቁልል ውስጥ የሚቆይበት ዘመን ግን ከወቅት ጋር እኩል አይሄድም።

በዚህ ላይ የ2008 ዓ.ም. ታሪክ ይጨመራል። የከተማው አስተዳደር ቆሼን ዘግቶ ወደ ሰንዳፋ ለመዛወር ለዓመታት ሲዘጋጅ ነበር። በፈረንሳይ መንግሥት የገንዘብ ድጋፍ፣ ንጣፍና የፍሳሽ መሰብሰቢያ ያለው ዘመናዊ መድፊያ እዚያ ተሠራ፤ በዚያው ዓመትም ቆሻሻ መቀበል ጀመረ። የሰንዳፋ ገበሬዎች ግን ሽታውና ፍሳሹ ከብቶቻችንንና ውሃችንን ጎዳብን፣ ሲሠራም ምን እንደሆነ በግልጽ አልተነገረንም ብለው ተቃወሙ። ጊዜው ሰንዳፋ በምትገኝበት በኦሮሚያ ሰፊ ተቃውሞ የነበረበት ነው። ክረምቱ ላይ ሰንዳፋ ተዘጋ። ለሳምንታት በአዲስ አበባ ገንዳዎች ሞልተው ቆሻሻው መንገድ ላይ ተከመረ፤ ከዚያ መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። ለወራት ጫናው ቀንሶለት የነበረው ቁልል በከፍተኛው ዝናብ መሐል አዲስ ጭነት ተቀበለ።

ከናዳው በኋላ ነዋሪዎች ለጋዜጠኞች የሰጡት ቃል ሁለት ነገር ላይ ያተኩራል። አንዱ ይኸው ዳግም መደፋቱ ነው። ሁለተኛው በቁልሉ ጎን ይካሄድ የነበረው ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ፋብሪካ ግንባታ ነው። ሁለቱ ምክንያቶች እርስ በርስ አይጣሉም። አናት ላይ ጭነት መጨመር ተዳፋቱን ይገፋዋል፤ ግርጌውን መቁረጥ ወይም መነካካት ድጋፉን ይነሳዋል። ውስጡ ውሃ ያዘለ ከሆነ ከሁለቱ አንዱም ይበቃል። ምስክሮቹ መሐንዲሶች አልነበሩም፤ ሆኖም የጠቆሟቸው ሁለት ቦታዎች የትኛውም የማዕድን ተቆጣጣሪ ቀድሞ ሄዶ የሚያያቸው አናቱና ግርጌው ናቸው።

የማዕድን ተቆጣጣሪን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከማዕድን የሚወጣ ተረፈ ድንጋይና ደለል ሲከመር ምን እንደሚያደርግ ዓለም በደም ተምሮታል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1966 በዌልስ አበርፋን በምትባል የከሰል ማዕድን መንደር ከተራራው ላይ የተከመረ የማዕድን ጥራጊ ተንዶ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ ወረደ። 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ 116ቱ ልጆች ነበሩ። በዳኛ ኤድመንድ ዴቪስ የተመራው አጣሪ ጉባኤ ለወራት ምስክር ሰማ። ክምሩ የተሠራው በምንጮች ላይ እንደነበረ፣ ምንጮቹም በካርታ ላይ በግልጽ ተሥለው እንደነበረ፣ ቀደም ሲልም መንሸራተት ታይቶ እንደነበረ መዘገበ፤ ጥፋቱንም በብሔራዊ የከሰል ቦርዱ ላይ ጣለ። ከሦስት ዓመት በኋላ የማዕድን ክምሮችን መመርመርን ግዴታ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። ከዚያ ጀምሮ ክምር እንደ ግድብ ወይም እንደ ድልድይ የምህንድስና ሥራ ሆኖ ይቆጠራል፤ ባለቤት፣ ንድፍና መዝገብ አለው።

የቆሻሻ ክምር ግን በዓለም ዙሪያ ያን ክብር ሳያገኝ ብዙ ቆይቷል። በፊሊፒንስ ፓያታስ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2000 ከብዙ ቀን ዝናብ በኋላ ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች ገደለ። በኢንዶኔዥያ ሊዊጋጃ እ.ኤ.አ. የካቲት 21 ቀን 2005 ከከባድ ዝናብ በኋላ 143 ሰዎች ሞቱ፤ አገሪቱ ቀኑን ብሔራዊ የቆሻሻ ቀን አድርጋ ታስበዋለች። ቆሼ ከደረሰ ገና ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018፣ በሞዛምቢክ ማፑቶ የሁሌኔ ክምር በዝናብ ሌሊት ወርዶ ከአሥር በላይ ሰዎች ቀበረ። በየቦታው ከሥር የነበሩት ለቃሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ።

በአገራችን ሁለቱ ጉዳዮች በሁለት መሥሪያ ቤት ተለያይተው ኖረዋል። ለማዕድን በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 678 ባለፈቃዱን ለሠራተኛው ደኅንነት ተጠያቂ ያደርጋል። ሕጉ ስላለ ብቻ ሰው አይሞትም ማለት አይደለም። በደቡብ ወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ፣ ኦፓል ከተገኘበት ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ወጣቶች ገደል ውስጥ፣ ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ውፍረት ያለውን ድንጋይ ተከትለው ድጋፍ የሌለው ዋሻ ይቆፍራሉ፤ በ2016 ዓ.ም. ዋሻ ተንዶባቸው የቀሩ ነበሩ። ቢያንስ ግን በሕጉ ዓይን ያ ቦታ ማዕድን ነው፤ መደርመስም የሚጠበቅ አደጋ ነው። ቆሼ በሕጉ ዓይን የጽዳት ጉዳይ ነበር። ጽዳት ደግሞ የሚለካው ተነሳ ወይስ አልተነሳም በሚል ነው፤ የት ተከመረ፣ እንዴት ቆመ የሚለው ጥያቄ በዚያ መለኪያ ውስጥ ቦታ የለውም።

ይሁንና ሕጉ ፈጽሞ ዝም አላለም፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝም ይህ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ለአዲስ መድፊያዎች የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማን ሲጠይቅ፣ ቀድሞ በሥራ ላይ የነበሩትንም የከተማ አስተዳደሮች በአካባቢ ኦዲት እንዲመረምሩ ያዝዝ ነበር። የመድፊያ ባለቤት ለሚደርሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ እንደሚሆንም ይደነግግ ነበር። አዋጁ ከናዳው አሥር ዓመት ይቀድማል። አሥር ዓመት አናቱ ላይ ስንጥቅ መኖሩን ለማየት፣ ግርጌው ማበጡን ለመለካት፣ ጥቂት ጉድጓዶች ቆፍሮ የውስጡን ውሃ ከፍታ በየወሩ ለመመዝገብ የሚበቃ ጊዜ ነው። ይህ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ችካል፣ ሜትር፣ የተበሳ ቱቦና ደብተር የያዘ አንድ ሠራተኛ ይበቃው ነበር። ከግርጌው የነበሩ ቤተሰቦችን በጊዜ ማስነሳት የሚቻለውም እንዲህ ያለ ደብተር ሲኖር ነው፤ ያለ ደብተር ማስጠንቀቂያ የሚሆነው ናዳው ራሱ ነው።

መጋቢት 2 ምሽት የሆነው ይኸው ነው። ቤተሰብና ጎረቤት በእጅና በአካፋ ቆፈረ፤ ኤስካቫተሮች መጡ፤ በሕይወት የተገኙ ነበሩ፣ ከቀን ቀን ግን የሚወጣው አስከሬን ሆነ። የቀብሩ ሥርዓት በአቅራቢያው በገብረ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሲፈጸም ፎቶግራፍ የያዙ እናቶች በየዘገባው ታዩ። የያኔው ከንቲባ ድሪባ ኩማ ነዋሪዎቹን መልሶ የማስፈር ሥራ እንደሚሠራ ተናገሩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል መንግሥት ሊከላከለው ይችል ለነበረ አደጋ ሙሉ ኃላፊነት እንዳለበት ገለጸ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮች በቦታው ተሠርተዋል። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. የረጲ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ተመረቀ፤ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደ ነበር። ብዙ ተነግሮለታል፤ ለአሮጌው ቁልል ግን መፍትሔ አይደለም፣ የተከመረውን አያነሳውምና። ሁለተኛው ሥራ ብዙ ሰው አልሰማውም፤ ለዚህ ታሪክ ግን ይበልጥ ይጠቅማል። በጃፓን ድጋፍ፣ በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራምና በፉኩኦካ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች አማካይነት፣ ቁልሉን በፉኩኦካ ዘዴ የማረጋጋት ሥራ ተጀመረ። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በፉኩኦካ ከተማና ዩኒቨርሲቲ የተፈጠረ ሲሆን አሠራሩ ቀላል ነው። የተዳፋቱ ቁልቁለት ይቀነሳል። የተበሳ ቱቦ በድንጋይ ተከቦ ይዘረጋና ፍሳሹን ያወጣል። ያው ቱቦ ባዶ በሚሆንበት ክፍሉ አየር ያስገባል፤ አየር ሲገባ ብስባሹ ቶሎ ይረጋል፣ የሚቀጣጠለው ጋዝም ይቀንሳል። ጋዙ ደግሞ ወደ ላይ በቆሙ ቱቦዎች ይወጣል። የሚፈልገው ድንጋይ፣ ቱቦና ጉልበት በመሆኑ እንደ እኛ ላለ አገር ይስማማል።

ይህን ሥራ በጎ ሥራ ነው ብዬ እጽፈዋለሁ። ሥራው የሚቆመው ግን በሚከታተለው ሰው ነው። ከመርካቶ የሚመጣው ፌስታልና ጨርቅ የጎርፍ ቱቦን እንደሚያንቅ ሁሉ የቁልሉንም ቱቦ ሊያንቅ ይችላል፤ ደለልና ከፍሳሹ የሚረጋው ቅርፊትም ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ስለዚህ ምርመራው በየሳምንቱ፣ በክረምት ደግሞ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ ማግስት መሆን አለበት። መርማሪው ከቱቦው አፍ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚወርድ በባልዲና በሰዓት ይለካል፤ ቀለሙን ያያል፤ ከዚያ አናት ወጥቶ የቆመ ውሃና ስንጥቅ ይፈልጋል። ዝናብ ሲበረታ የሚወርደው ፍሳሽ ቢጨምር ቱቦው እየሠራ ነው። ዝናቡ በርትቶ ሳለ ፍሳሹ ከቀነሰ ግን ውሃው ውስጥ እየቀረ ነው፤ በዚያ ቀን መኪኖቹ መቆም፣ በግርጌው ያሉትም ሰዎች መነሳት አለባቸው።